ሁለት ሽማግሌ በአንድ ሰው ወጥመድ ውስጥ

ማንትራፕ ይሉታል። የሰው ወጥመድ ማለት ነው። ስሙን እኔ አላወጣሁለትም፤ ያወጡለት ፈረንጆቹ መሐንዲሶች ናቸው፣ ያውም ሳያፍሩ። ሁለት በር ያለው ጠባብ የመስታወት ክፍል ነው። የፊተኛውን በር በባጅህ ከፍተህ ትገባለህ፤ በሩ ከኋላህ ይዘጋል፤ ወለሉ ይመዝንሃል፤ አንድ ሰው መሆንህን ሲያምን የኋለኛውን በር ይከፍትልሃል። ሁለት ሆናችሁ ከገባችሁ ግን ሁለቱም በር ጥርቅም ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሚያስወጣችሁ ሰው እስኪመጣ እዚያው መቆም ነው። ይህን ለባለቤቴ ሳስረዳት ሆዴን አየት አድርጋ፣ «አንተንስ እንዴት አንድ ሰው ብሎ ቆጠረህ?» ብላኛለች።

የተቀጠርኩት ከዚህ ወጥመድ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ የሚገባ የሚወጣውን እንዳይ ነው። ሕንጻው ያለው ቶሮንቶ መሀል ከተማ ነው፤ መስኮት የለውም፣ የስም ሰሌዳም የለውም። ባንኩም፣ ሆስፒታሉም፣ ሱቁም ኮምፒውተሩን አምጥቶ የሚያሳድርበት በረት ነው። እኔ የበረቱ ዘበኛ ነኝ። በእንግሊዝኛ ግን ረጅም ማዕረግ አለኝ፤ የትኛው ቃል ቀድሞ የትኛው እንደሚከተል እስካሁን ይጠፋኛል። ከብቶቹን እምብዛም አላያቸውም። ድምፃቸውን ነው የምሰማው፤ እንደ ንብ ቀፎ ሲያጉረመርሙ ይውላሉ።

ሥራው ሙቀት አለው፤ ይሄ በካናዳ ቀላል ነገር አይደለም። ስድሳን ያለፈ፣ ጉልበቱ በረዶ መምጣቱን ከቴሌቪዥኑ ቀድሞ የሚናገር ሰው፣ ክረምቱን ጣራ ሥር ተቀምጦ የሚገፋበት ሥራ ካገኘ አፉን ዘግቶ ፈጣሪውን ማመስገን አለበት። እኔም አፌን ዘግቼ ሳመሰግን፣ ጡረታዬም ከሩቅ ብቅ ማለት ስትጀምር፣ ከትልልቆቹ ደንበኞች አንዱ ውሉ ላይ አዲስ ነገር ጨመረ። የውስጠኛውን በር የሚከፍት ባጅ ያለው ሰው ሁሉ፣ ዘበኛም ቢሆን፣ የመረጃ ደኅንነት ፈተና አልፎ ሰርተፊኬት መያዝ አለበት አለ። ቀነ ገደብም ቆረጠ።

ሱፐርቫይዘሬ በዕድሜ ልጄ የምትሆን፣ ጨዋ፣ ሕግ ያለችውን ነገር ነፍሷ እስክትወጣ የምትጠብቅ ካናዳዊት ናት። ወሬውን ስትነግረኝ ከኔ ይልቅ እሷ ከፋት።

«ካላለፍኩስ?» አልኳት።

በመግቢያው በር መስታወት በኩል ወደ ውጭ አየች። ከመንገዱ ማዶ የፓርኪንጉ ዘበኛ ዳስ አለ፤ ፈተናውን ያላለፈ የሚላከው እዚያ ነው። ቆርቆሮ ነው። ውስጡ ያለችው ማሞቂያ ጉልበት ብቻ ነው የምታሞቀው ይባላል። እዚያ የሠሩትን ሰዎች አውቃቸዋለሁ፤ አንዱም ክረምት አልደገመበትም።

እንዲህ ሆኜ መሀል ላይ ቀረሁ። ጥዬ እንዳልሄድ በዚህ ዕድሜ ማን ይቀጥረኛል? እንዳልቆይ ፈተናው አለ። ዳስ ውስጥ እንዳልገባ ጉልበቴ አይፈቅድም። ክሬሰንት ታውን ያለው ቤታችን ኪራይ ደግሞ ጉልበት አይጠይቅም፣ በየወሩ ራሱ ይመጣል።

የፈተናውን መማሪያ መጽሐፍ ገዛሁት። ቪክቶሪያ ፓርክ ጣቢያ ሰብዌዩ፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ውስጥ ስገባ እከፍተዋለሁ፤ መሀል ከተማ ስደርስ እዚያው ገጽ ላይ ነኝ። አጠገቤ የሚቀመጡት ወጣቶች አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ርዕሱን ያነባሉ፣ ከዚያ እኔን ያያሉ። ይሄ ሽማግሌ የማንን ባንክ ሊዘርፍ ነው ሳይሉ አይቀሩም።

ትምህርቱ፣ እውነት ለመናገር፣ ባዕድ አልሆነብኝም። ሦስት ነገር ጠብቅ ይላል። ምስጢሩ እንዳይወጣ፣ የተጻፈው እንዳይዛባ፣ የተፈለገው ነገር በተፈለገ ሰዓት እንዳይጠፋ። አንድ ሰው ብቻውን ሙሉ ሥልጣን አይያዝ፣ ሥራው ይከፋፈል ይላል። የቤተ ክርስቲያን ሙዳየ ምጽዋት ቁልፉ በተለያየ ሰው እጅ የሚሆነው ለምን ሆነና? ጥበቃህ በአንድ አጥር ብቻ አይወሰን፣ አጥር በአጥር ላይ ይሁን ይላል። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ማለት አይደለም እንዴ? ሁሉም እስከተፈቀደለት ድረስ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ለሌላው ይተዋል። መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች ከእኛ ወስደው ምንጩን ሳይጠቅሱ የቀሩ ነው የመሰለኝ።

ችግሩ ፈተናው ነው። እኔ በተማርኩበት ዘመን አንዱ መልስ ትክክል፣ ሌሎቹ ስህተት ነበሩ። እዚህ አራቱም ትክክል ናቸው፤ ከትክክሎቹ ውስጥ የበለጠ ትክክል የሆነውን ምረጥ ይሉሃል። ይሄ ፈተና አይደለም፣ ሽምግልና ነው። አራቱም ፍረድልን እያሉ የመጡ ባለጉዳዮች ይመስሉኛል፤ ሁሉንም አስታርቄ ብሸኛቸው ደስ ይለኝ ነበር።

ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ካርድ ይዛ ታጠናኛለች። በአንድ በኩል ጥያቄ፣ በሌላው መልስ ያለበት ካርድ ነው።

«ሊስት ፕሪቪሌጅ» ትላለች፣ መነጽሯን ከፍ አድርጋ። «ምንድን ነው?»

«ሰው ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን እንዳይሰጠው ማለት ነው።»

«እ፣ እኔ ሪሞቱን እንደከለከልኩህ።»

«ልክ እንደሱ።»

«ታዲያ እኔን ለምን አይፈትኑኝም? ይሄን እኮ ስሠራበት ነው የኖርኩት።» ካርዱን ትገለብጥና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይሄኛውን ትናንትም ስተኸዋል» ትለኛለች።

የሳትኩት ቴይልጌቲንግ የሚለውን ነበር። አንተ በባጅህ በር ስትከፍት ሌላው ተከትሎህ ሹልክ ሲል ማለት ነው። ትርጉሙን አውቀዋለሁ፤ የማይዋጥልኝ መፍትሔው ነው። መጽሐፉ ምን ይላል? ማንም ይሁን ማን፣ እጁ ዕቃ ቢሞላም፣ ብታውቀውም፣ በሩን ዝጋበት ይላል። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ራሱን ዘጋሁት። በሰው ፊት በር የሚዘጋ ልጅ እኛ ዘንድ ምን እንደሚባል ሁሉም ያውቃል፤ ስድቡ ደግሞ የሚያርፈው በልጁ ላይ ሳይሆን ባሳደገው ላይ ነው። እናቴ ከሞተች ቆይታለች፤ አሁን በቶሮንቶ በር ምክንያት ትሰደብልኝ?

የመጀመሪያውን ፈተና ወደቅሁ። የትኛውን እንደሳትኩ አይነግሩህም፤ አንዱን ግን ራሴ አውቄዋለሁ። ሕንጻው እሳት ተነሥቶበታል፣ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ ይላል። የመረጃው ቅጂ ያለበትን ካዝና አስወጣለሁ የሚለውን መረጥኩ፤ ያን ሁሉ ገጽ ስለ መረጃ ሲሰብኩኝ ከርመው! ውጭ ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው ትክክለኛው መልስ ትዝ ያለኝ፦ ሰዎቹን ማስወጣት። ጥያቄው ውስጥ ሰው እንዳለ ረስቼዋለሁ። ያውም ሽማግሌ ነኝ ባይ!

ለሁለተኛው ፈተና የተገኘው ቀጠሮ ቀነ ገደቡ ሊያልቅ ሲል ነው፤ ከዚያ በፊት ሌላ ክፍት ቦታ አልነበረም። ከሰዓት በኋላ፣ ብሉር ጎዳና ላይ ባለ የፈተና ማዕከል። የዚያን ቀን ጠዋት ሺፍቴን ጨርሼ፣ ተቀያሪዬን አስቀምጬ፣ ሰብዌይ ይዤ መሄድ ነበር ሐሳቤ። ጊዜው ይበቃኝ ነበር፤ ተቀያሪዬ ቢመጣ። ሰብዌዩ ዋሻ ውስጥ ቆሞ እሱም እዚያው ታግቷል። ይህን ሱፐርቫይዘሬ ከፎቅ ደውላ ነገረችኝ። «ተለቀቀ፣ መንገድ ላይ ነው» ብላም ጨመረች።

እሱን ስጠብቅ የአየር ማቀዝቀዣ ጠጋኙ መጣ። የማሽኖቹ ክፍል መሞቅ ጀምሯል፤ ማሽን ከሞቀ ይሞታል። የእንግዳ መዝገብ ላይ ሲፈርም ጎንበስ ብሎ «ይቅርታ» ያለበት እንግሊዝኛ የኛ እንግሊዝኛ ነበር።

«ሐበሻ ነዎት?» አልኩት።

ቀና አለ። «ነኝ እንጂ! እርስዎስ? ኧረ እንደምን ዋሉ!»

ዛሬ ወዳጄ ስለሆነ ነው እንዲህ «ቀና አለ» የምለው፤ ያን ቀን «ቀና አሉ» ነበር። እጅ ለእጅ ተያይዘን ስንጎነበስ ቆየን፤ እኔ ጎንበስ፣ እሱ ጎንበስ፣ እኔ ዝቅ፣ እሱ ከኔ ዝቅ። ካናዳ የገባው ከኔ በፊት ነው፣ በስደት፣ ሱዳንን አቋርጦ። ሪጀንት ፓርክ ሰፈር ይኖራል። «አፍርሰው ሲሠሩት እንኳ አልወጣሁም» አለኝ፤ «ከአንዱ ሕንጻ ወደ አንዱ እንደ ሶፋ እያዘዋወሩኝ።»

ለሱፐርቫይዘሬ ደወልኩ። «ማሽኖቹ ሊጠብቁ አይችሉም፣ አንተ አስገባው፣ ተቀያሪህ ይደርሳል» አለችኝ። ስልኬን እንደ ሕጉ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩ። የእሱንም ቆለፍኩለት። ከዚያ ማንትራፑ በር ላይ ቆምን።

ሕጉ ግልጽ ነው። በሩን በኔ ባጅ እከፍታለሁ፤ እንግዳው ብቻውን ይገባል፤ ወደ ውስጥ አልፎ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ቀጥሎ እኔ። ባጄን አስነካሁ። በሩ ተከፈተ።

«ይግቡ» አልኩት።

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።»

«እንግዳ አይደሉ እንዴ? ይግቡ እንጂ።»

«እንግዳስ ብሆን፣ ከታላቄ ፊት?»

«ማን ነው ታላቅ? ሽበትዎን ያላየሁ መሰለዎት?»

«ይሄ የካናዳ ሽበት ነው፤ ብርዱ ነው ያመጣው። በሞቴ ይቅደሙ።»

«ሞቼ እገኛለሁ!»

እኔ ጀርባውን ገፋ አደረግኩ፤ እሱ ክርኔን ይዞ ሳበኝ። በሩ ተከፍቶ ሲቆይ መጮኽ ልማዱ ነው፤ ጢጥ ጢጥ ማለት ጀመረ። ሁለታችንም ደነገጥን። አንዳችን ሌላውን ለማስቀደም ስንል ትከሻ ለትከሻ ተያይዘን፣ እንደ ሙሽራና ሚዜ፣ ገባን። በሩ ከኋላችን ተዘጋ። ወለሉ መዘነን። የተቀዳች ሴት በእንግሊዝኛ «አንድ ሰው ብቻ» አለች። ከዚያ ከፊትም ከኋላም ቀጭ አለ።

ጠጋኙ የፊቱን በር ገፋ አደረገው። የኋላውንም። «ምን ሆነ?» አለ።

«ሁለት መሆናችንን አወቀ።»

ግድግዳው ላይ ኢንተርኮም አለ፤ የተያዘ ሰው ለጠረጴዛው ሰው የሚደውልበት። ተጫንኩት። ከመስታወቱ ማዶ፣ እዚያው ፊት ለፊቴ፣ የራሴ ጠረጴዛ ላይ ጠራ። ደጋግሞ ጠራ። ወንበሬ ወደ እኛ ዞሮ ባዶውን ተቀምጧል።

«አያነሡም እንዴ?» አለኝ።

«ማን?»

«የጠረጴዛው ሰው።»

«እኔ ነኝ።»

ዙሪያውን ቃኘ። «ሌላስ ሰው የለም? ካሜራ የለም?»

«አለ።» ጣራው ላይ ያለውን አሳየሁት። ካሜራው የሚያየውን የሚያሳየው ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ስክሪን ነው። ከቆምንበት ይታያል፤ ሁለት ሽማግሌ ከላይ ወደ ታች። ራሰ በራነቴ ያን ያህል መስፋፋቱን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ማንትራፑ ከውጭ የሚፈታው በሁለት ሰው ነው። አንዱ ቁልፍ ጠረጴዛዬ ውስጥ፣ ሌላው ፎቅ ላይ ሱፐርቫይዘሬ ጋ። ሥራ በተለያየ ሰው እጅ ይሁን የሚለውን ትምህርት እንዴት አድርጌ አድንቄው እንደነበር አስታወስኩ። ተቀያሪዬ ሲመጣ ባዶውን ወንበር ያያል፣ እኛን ያያል፣ ይስቃል፣ ወደ ፎቅ ይደውላል፣ ሁለቱ ይከፍቱልናል። ያኔ ሮጬ ፈተናዬን እደርሳለሁ። ካልመጣስ? ከጠረጴዛዬ በላይ የተሰቀለው ሰዓት ልክ ዐይኔ ላይ ነው።

ሌላም መውጫ አለ። ከእጄ አጠገብ፣ በፕላስቲክ ክዳን ሥር፣ የአደጋ ጊዜ ቀይ መጫኛ አለ። እሱ ከተጫነ ሁለቱም በር ወለል ይላል፤ ግን ሕንጻው በሙሉ ይጮኻል፣ ሰው ሁሉ ወደ ውጭ ይወጣል፣ የእሳት አደጋ መኪና ይመጣል። የጠረጴዛው ሰው ደግሞ ሰው ተቆጥሮ፣ በሩ ተመርምሮ፣ ሪፖርት ተጽፎ እስኪያልቅ ከዚያ ንቅንቅ አይልም። ያን ከተጫንኩ ፈተናው የለም። ፈተናው ከሌለ ዳሱ አለ።

ይህን ሁሉ ነገርኩት። ምን አለበት፣ የሚሄድበት የለው።

«ኧረ አይጫኑት!» አለኝ። «ለኔ ሲሉ ነው? እኔ ምንም አልሆንም። እንጠብቃለን።» ቀጠለና፣ «ስማ እንጂ፣ እዚህ ሆድ ለሆድ ቆመን አንቱ ምን ያደርግልናል? አንተ እንባባል» አለ።

«እሺ። ዕድሜህ ስንት ነው ታዲያ?»

ነገረኝ። በጥቂት ወር ይበልጠኛል።

«ይኸው! መቅደም የነበረብህ አንተ ነህ!»

«በወር ደሞ ታላቅነት አለ?» አለና ሳቀ። «መጽሐፍህ ይሄ ሳጥን ጥቅሙ ምንድን ነው ይላል?»

«ያልተፈቀደለትን ሰው ይዞ ለማቆየት።»

«የተፈቀደለትንስ?»

«ስለሱ አላነበብኩም።»

ለመቀመጥ ሞከርን፤ የሁለት ሰው ጉልበት የሚታጠፍበት ቦታ የለም። ተቃቅፈን መቆም ሆነ። የሱ መሣሪያ ሳጥን እግራችን መሀል ነው። መስታወቱ ሙቀት ይይዛል። ማዶ ጠረጴዛዬ ላይ ምሳዬ ተቀምጧል፤ ባለቤቴ የቋጠረችልኝ አምባሻ፣ ሙዝ፣ ጭማቂ። ሰዓቱን አያለሁ፣ ምሳውን አያለሁ፣ የመንገዱን በር አያለሁ። የሚመጣ የለም። እንኳን እዚህ ሳጥን ውስጥ፣ ከዚያ በፊትም በነበሩት ወራት እንዲሁ ቆሜ እንደነበር ታየኝ፤ ከፊቴ ፈተና፣ ከኋላዬ ዳስ። ልዩነቱ ያኔ ብቻዬን ነበርኩ፣ መስታወትም አልነበረውም።

ወሬያችን እየሳሳ መጣ። እኔ ሳወራ እሱ «እ» ይላል። ቀጥሎ «እ» ማለቱንም ተወ። ዞሬ ሳየው ላቡ ከግንባሩ ወደ አፍንጫው ይወርዳል።

«ሞቀህ?»

«ትንሽ። ምንም አይደል።»

«ምሳ በልተሃል?»

«ከዚህ ስወጣ... መኪና ውስጥ አለ።»

«ስኳር አለብህ እንዴ?»

ላቡን በእጅጌው ጠረገና፣ «ትንሽ» አለ። በዕድሜያችን ስኳር ትንሽ የሚባል ነገር የለም። ጠዋት የኢንሱሊን መርፌውን ተወግቷል፤ በላዩ ላይ መብላት ነበረበት፤ ጥሪው አስቸኳይ ነው ሲሉት ሳይበላ መጣ። በሩ ላይ ቆመን እርስዎ ይቅደሙ ስንባባል አልነገረኝም። ስለ ፈተናዬ ሳወራውማ ጨርሶ አልነገረኝም።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ፈተና አለህ አላልክም እንዴ?» አለኝ። ምላሱ ተይዟል። የሸሚዙን የላይኛ ቁልፍ ሊፈታ ሞከረ፤ ጣቶቹ ቁልፉን እየሳቱ ደረቱን ይዳብሳሉ። «ይጠብቁ... ግድ የለም፣ ይመጣሉ» አለኝ። ማን እንደሚመጣ አላወቅሁም፤ እሱም ያወቀ አልመሰለኝም። ክብደቱ በሙሉ እኔ ላይ ወደቀ።

ክዳኑን ነቅዬ መጫኛውን በቡጢ መታሁት።

ጩኸቱ ጆሮ ይበጥሳል። በሮቹ ወለል አሉ። ግድግዳ አስደግፌ አስቀመጥኩትና ሮጥኩ። ሮጥኩ የምለው ራሴን ለማክበር ነው። ጭማቂውን ይዤ ተመለስኩ፤ አፉ ላይ አስጠጋሁለት፤ ግማሹ አገጩ ላይ ፈሰሰ፣ ግማሹ ገባ። ቀጥሎ ሙዙን በትንሽ በትንሹ። ደረጃውን የሚወርዱት ሰራተኞች በላያችን እየተሻገሩ ይወጣሉ፤ ወለል ላይ አንድ ሽማግሌ ሌላውን ሙዝ ያጎርሳል። እያደር ዐይኑ ጠራ። ሙዙን አየ፣ እኔን አየ።

«አንተስ?» አለኝ። «አትበላም?»

ያኔ ነው እንደሚድን ያወቅሁት።

አምቡላንስ መጣ፣ መረመሩት፣ ደህና ነው አሉ፤ ለማንኛውም ይዘውት ሄዱ። የእሳት አደጋ ሰዎች መጡ፣ እሳት ፈልገው አጡ፣ ሄዱ። ተቀያሪዬ መጣ፣ ያለከልካል፤ እኔ ወንበሬ ላይ ቀረሁ፣ እሱ ደግሞ ውጭ ካሉት ጋር ሊቆጠር ተመልሶ ወጣ። ሱፐርቫይዘሬ ወረቀቷን ይዛ ፊቴ ተቀመጠች።

«ሁለታችሁ አብራችሁ ለመግባት የወሰነው ማን ነው?»

«ማንም።»

«ታዲያ እንዴት ገባችሁ?»

«አንገባም እየተባባልን ነበር።»

«ግን ገባችሁ።»

«አዎ። እኛ ዘንድ አልገባም የሚባለው እንዲህ ነው።»

ብዕሯን አስቀመጠች። እንደገና አነሣች። «የነገሩ መነሻ ምክንያት የሚል ሳጥን አለ። ምን ብዬ ልጻፍ?»

«ሰውዬው ይበልጠኛል።»

«በሥልጣን?»

«በዕድሜ።»

«በስንት?»

«ያን ጊዜ ገና እየተከራከርንበት ነበር።»

መሳቅ ፈለገች፤ ሪፖርት ላይ አይሳቅም። ዐይኔ ከሷ አልፎ ሰዓቱ ላይ ሲደጋገም አይታ ዞራ እሷም አየችው። «ቀጠሮ አለህ?» አለችኝ።

«ፈተናው ዛሬ ነበር።»

«ነበር?»

«አሁን ጀምረዋል።»

ፊቷ ደም መሰለ። «ለምን አልነገርከኝም?» አለችኝ፤ ልክ እኔ ሰውዬውን እንደጠየቅሁት። በእንግሊዝኛ ይሉኝታን የሚተካ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

እሷው ራሷ ፈተና ማዕከሉ ደወለች። ያልመጣ እንደወደቀ ይቆጠራል አሏት። ደንበኛው ዘንድ ደወለች። ብዙ ተከራከረችልኝ፤ ቀነ ገደቡን የሚያራዝመው እግዚአብሔርና የነሱ ጠበቃ ብቻ ይመስል ነበር። በመጨረሻ አንድ ነገር ፈቀዱ፤ አንድ ሌላ ቀጠሮ፣ ለመጨረሻ ጊዜ። እስከዚያ ጠረጴዛው ላይ ልቀመጥ፣ ባጄ ግን ይዘጋ።

ባጅ ተዘጋ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ የዚያኑ ዕለት ነው። መጸዳጃ ቤቱ ያለው ባጅ በሚጠይቀው ኮሪደር ውስጥ ነው። የኔ ዕድሜ ወንድ ደግሞ በመጸዳጃ ቤት ጉዳይ ቀጠሮ አይይዝም። ደረቴ ላይ «እንግዳ» የሚል ተለጣፊ ለጠፉልኝ፤ በሠራሁበት ቤት እንግዳ ሆንኩ። መሄድ ስፈልግ ለሱፐርቫይዘሬ እደውላለሁ፤ ሰው ትልክልኛለች፤ ሰውዬው ያደርሰኛል፣ በሩ ላይ ቆሞ ስልኩን እያየ ይጠብቀኛል፣ ይመልሰኛል። ቶሎ ቶሎ መደወል ስላሳፈረኝ ውሃ መጠጣት ተውኩ፤ ሻይም ተውኩ። አፌ ደርቆ መጽሐፌን አነብባለሁ። ለሚያልፈው ሰው ሁሉ የመንገዱን በር ከጠረጴዛዬ ሆኜ እከፍታለሁ፣ እኔ ግን ከወንበሬ አልነቃነቅም።

ጠጋኙ ሥራውን ሊጨርስ ተመልሶ መጣ። ደረቴ ላይ ያለውን ተለጣፊ አነበበ። «እንግዳ ነህ እንዴ? እንግዲያው ቅደም!» ብሎኝ በሳቅ ፈረሰ። የሚያጅበው ሌላ ሰው ነበር። በሩ ሲከፈትለት ግራ ቀኝ ሳያይ፣ ማንንም ሳይጋብዝ ብቻውን ዘልቆ ገባ፤ ከመስታወቱ ማዶ ሆኖ ዞሮ፣ እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ፣ መሬት እስክንነካ እጅ ተነሣሣን።

የመጨረሻው ፈተና ቀን ደረሰ። ኪሴን አስገለበጡኝ፣ ሰዓቴን አስወለቁኝ፣ መነጽሬን አገላብጠው አዩ። ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀመጡኝ፤ ግራ ግድግዳ፣ ቀኝ ግድግዳ፣ ከላይ ካሜራ። ልምዱ አለኝ ልላቸው ነበር። አራት አራት ሆነው ትክክል ነን እያሉ ለሚመጡት መልሶች ስፈርድ ዋልኩ። ጉሮሮዬ ደርቆ፣ ፊኛዬ ሞልቶ ስወጣ በር ላይ የምትቀመጠው የማዕከሉ ልጅ የውጤቱን ወረቀት ገልብጣ ሰጠችኝ። ገልብጬ ለማየት ኮሪደሩ ጫፍ ድረስ ሄድኩ።

ለባለቤቴ ደወልኩ። «አለፍኩ» አልኳት።

እልል አለች፤ ጎረቤት ሳይሰማት አልቀረም። ቀጥላ «እንግዲህ» አለች፣ «እዚያው ልትቀጥል ነዋ።»

«እዚያው።»

«ደግ። ነገ ምሳህን ምን ላድርግልህ?»

በማግስቱ ሱፐርቫይዘሬ ኬክ ገዝታ ጠበቀችኝ። ተለጣፊውን ከደረቴ ላይ በራሷ እጅ ላጠችው። ሰርተፊኬቱ ዕድሜ ልክ እንዳይመስለኝ፣ ጊዜው ሲያልፍ እንደሚታደስ ነገረችኝ። እስከዚያ ጡረታዬ ይደርሳል አልኳት፤ አስልታ ነው መሰለኝ ኬኩን ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝ። ኬኩን ቆርሼ፣ ለወራት ያልደፈርኩትን ሻይ ሁለት ኩባያ በላዩ ጠጣሁበት። ከዚያ ለማንም ሳልደውል ተነሥቼ ኮሪደሩ በር ላይ ባጄን አስነካሁ። አረንጓዴ በራ። ከኋላዬ ሰው የለም፣ «ይቅደሙ» የምለው አልነበረኝም፤ ብቻዬን ገባሁ። እጄን ታጥቤ ተመለስኩና ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።